ስለ መጋገሪያ ሳህን ምርጫና ስለ ሻጩ ቃል

ነጋዴ ለደንበኛው የሚሸጠው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር ቃሉንም አብሮ ይሸጣል። ጨርቅ ሻጩ «ይህ ቀለም አይለቅም» ሲል፣ ጫማ ሻጩ «ይህ እውነተኛ ቆዳ ነው» ሲል፣ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው የዕቃውን መልክ አይቶ ብቻ ሳይሆን የሻጩን ቃል አምኖ ነው። ቃሉ እውነት ሆኖ ሲገኝ ገዢው ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን የሚጠፋው የአንድ ዕቃ ዋጋ ሳይሆን የሱቁ ስም ነው። ይህ በንግድ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ቢሆንም፣ በአንዳንድ የዕቃ ዓይነት ላይ ተዘንግቶ ይታያል። ከእነዚህም አንዱ ምግብ ተሞልቶበት ወደ መጋገሪያ ምድጃ የሚገባው ሳህን ነው።

በከተማ ቤቶች ኦቨን እየተባለ የሚጠራው መጋገሪያ ምድጃ፣ ከድፎ ዳቦና ከኬክ አልፎ የዘወትር ምግብ ማብሰያ ወደ መሆን ደርሷል። ላዛኛው፣ ፓስታ አል ፎርኖው፣ ድንቹ፣ ዓሣውና አትክልቱ በኦቨን ይጋገራል። ከዚህም ጋር፣ ምግብን በአንድ ትልቅ ትሪ ጋግሮ ከመቈራረስ ይልቅ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ትንሽ ሳህን የመጋገር ልማድ እየገባ ነው። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ እናት ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ሕፃናቱ አይጾሙም። አባት ሐኪም ጨው ከልክሎት ይሆናል፤ አያት ቅመም የበዛበት ምግብ አይስማማትም ይሆናል። አንዱ ከሥራ በዐሥራ አንድ ሰዓት ሲገባ፣ ሌላው በሁለት ሰዓት ይገባል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ትሪ ጋግሮ ማዳረስ አይቻልም። የጾሙን በዘይት፣ የፍስኩን በቅቤና በአይብ አዘጋጅቶ በየሳህኑ በአንድ ጊዜ መጋገር ግን ይቻላል። ይህ ማለት በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላት ይቅር ማለት አይደለም። መሶቡ ለእንጀራው ነው፤ ሳህኑም ለሚጋገረው ነው።

ይልቁንም ነገሩ ላገራችን ማዕድ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ተጋቢኖ ሽሮ በትንሽ የሸክላ ዕቃ ተሠርቶ፣ ከነፍላቱ ከእሳት ወደ ገበታ ይቀርባል። ያ ትንሽ የሸክላ ዕቃ እሳት የሚችል፣ የማብሰያም የማቅረቢያም ሥራ አጣምሮ የሚሠራ ሳህን ነው። የዛሬዋ ቤት እመቤት ከገበያ የምትፈልገው ይህንኑ ለኦቨን የሚስማማውን ወንድሙን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ስትሄድ ምን ያጋጥማታል? በአንድ መደርደሪያ ላይ የብርጭቆ፣ የሸክላ፣ የሲኒ ዓይነት፣ የሜላሚንና የኢናሜል ሳህን አንድ ላይ ተደርድሮ ታያለች። ሁሉም ያምራል። አንዱን አንሥታ «ይህ እሳት ይችላል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የሱቁ ልጅም ዕቃውን እንኳ ገልብጦ ሳያይ «ምን ሲደረግ ነው የማይችለው፣ እናቴ! ይውሰዱት» ይላል። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀውን የነገረው የለም። ነገር ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ያ ቃል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአሠሪው ቃል ሆኗል። ሳህኑ በማግሥቱ በእጇ ላይ ቢሰነጠቅ፣ የጋለው ምግብ እግሯ ላይ ቢፈስ፣ ወይም ስባሪው ከልጆቿ ምግብ ጋር ቢቀላቀል፣ የምታስታውሰው የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የሱቁን በር ነው።

ስለዚህ «እሳት ይችላል» የሚለው አነጋገር ራሱ መመርመር አለበት። ጥያቄው «ይችላል ወይስ አይችልም» ብቻ ሳይሆን፣ «የትኛውን እሳት? እስከ ስንት ዲግሪ? በምን ያህል ፍጥነት?» የሚል ነው። የቤት ኦቨን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ብዙዎቹ እስከ 250 ይደርሳሉ። ብርጭቆም ሆነ በሚገባ የተተኮሰ ሸክላ ይህን ሙቀት በራሱ አይፈራም፤ ሁለቱም የተሠሩት ከዚህ እጅግ በሚበልጥ እሳት ነውና። የሚሰብራቸው የሙቀቱ ብዛት ሳይሆን የለውጡ ድንገተኛነት ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ማንኛውም ነገር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል። አንድ ሳህን ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ወደ ጋለ ምድጃ ሲገባ፣ ወይም ከምድጃ ወጥቶ በርጥብ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣ አንደኛው ወገኑ ሲሰፋ ሌላው ወገኑ እንደ ተኰማተረ ይቀራል። በመካከል ያለው ይሳሳባል፤ መሳሳቡ ከዕቃው ብርታት ሲያልፍም ይሰነጠቃል። ተራው የሶዳና የኖራ ብርጭቆ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና 100 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ወደ 0.9 ሚሊሜትር ይረዝማል። ቦሮሲሊኬት የሚባለው ብርጭቆ ግን በዚያው ሙቀት የሚረዝመው ወደ 0.33 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ ሳህኑን ከመሰበር የሚያድነው ይኸው ነው።

የቦሮሲሊኬት ታሪክ ለነጋዴ ትምህርት አለበት። ይህን ብርጭቆ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያስገኙት በየና ከተማ የነበሩት ጀርመናዊው ኦቶ ሾት ናቸው። በአሜሪካም ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት የማይሰበር ብርጭቆ ለባቡር መንገድ ፋኖስና ለባትሪ ማሰሮ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 የኩባንያው ተመራማሪ ጄሲ ሊትልተን ከአንድ የባትሪ ማሰሮ ግርጌውን ተቈርጦ ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ ባለቤታቸው ቤሲ ሊትልተንም ኬክ ጋገሩበት። ኬኩም በመልካም በሰለ፤ ብርጭቆውም አልተሰበረም። ከዚህ በኋላ በ1915 ፓይሬክስ የተባለው የመጋገሪያ ዕቃ ለገበያ ወጣ። ዕቃው ለገበያ የበቃው በአንዲት ቤት እመቤት ማድቤት ተፈትኖ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ነገር ግን ስም እንደ ነበረ ሲቀር፣ በስሙ የሚጠራው ዕቃ ሊለወጥ ይችላል። ኮርኒንግ የቤት ዕቃ ክፍሉን በ1998 ለሌላ ኩባንያ ሸጦታል። ዛሬ በአሜሪካ በዚህ ስም የሚሸጠው የመጋገሪያ ሳህን የሚሠራው በሙቀት ከጠነከረ የሶዳና የኖራ ብርጭቆ ሲሆን፣ በአውሮፓ በዚሁ ስም የሚሸጠው ግን ከቦሮሲሊኬት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ የጠነከረው የሶዳ ብርጭቆ ሲወድቅ ይበልጥ ይችላል፣ ቦሮሲሊኬቱ ደግሞ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን ይበልጥ ይችላል። አንዱን መጥፎ ሌላውን ጥሩ ማለት አይገባም። የሚገባው ግን፣ «ፓይሬክስ ነው» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አለመሆኑን ማወቅ ነው። በአገራችን ገበያማ ማንኛውም ወፍራም የብርጭቆ ሳህን ፓይሬክስ እየተባለ ሲጠራ ይሰማል፤ ይህም ችግሩን ያብሰዋል።

ስለ ሸክላና ስለ ሲኒ ዓይነቱም እንዲሁ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በከፍተኛ እሳት የተተኮሰው፣ ውኃ የማይመጠው ጠንካራ ሸክላና ፖርሴሊን ለትንንሽ የመጋገሪያ ሳህን እጅግ ተስማሚ ነው፤ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ምግቡን በእኩል ያበስላል፣ በገበታም ላይ ሙቀቱን ይዞ ይቈያል። በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰውና ለጌጥ በቀለም የተሸለመው ግን ለገበታ የተሠራ እንጂ ለምድጃ የታሰበ ላይሆን ይችላል። ከንፈሩ በወርቅ ቀለም የተቀባው ሳህንም ለእንግዳ ማቅረቢያ ያማረ ቢሆን ለኦቨን አይሆንም፤ በማይክሮዌቭ ውስጥም ብልጭታ ይፈጥራል።

በሸክላ ዕቃ ነገር ከመሰበር የባሰ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም እርሳስ ነው። የሸክላን ገጽ የሚያብረቀርቀው ልባጥና በላዩ ያለው ቀለም እርሳስና ካድሚየም ያለበት ሊሆን ይችላል። ልባጡ በሚገባ ካልተተኰሰ፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ እርሳሱን ያስለቅቀዋል፤ ሙቀቱም መልቀቁን ያፋጥነዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ጕዳት የሌለው ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ገልጧል። የተሰነጠቀ ሳህን ሲሰበር ይታያል፤ እርሳስ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። ስለዚህ ገዢው በራሱ ዓይን ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ከሻጩ በቀር የሚነግረው የለም።

የአውሮፓ አገሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው መመሪያ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ዕቃው ከመቶ 4 እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ውኃ ለ24 ሰዓት ተሞልቶ ከቈየ በኋላ የሚለቀው እርሳስ እንዲለካ አዘዘ። ለምግብ ማቅረቢያ ጐድጓዳ ሳህን በአንድ ሊትር እስከ 4 ሚሊግራም ሲፈቅድ፣ ለማብሰያ ዕቃ ግን የፈቀደው 1.5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ልብ ይሏል፦ ሕግ አውጪው የማቅረቢያውንና የማብሰያውን ሳህን በአንድ ዓይን አላያቸውም። በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቃል ይሸጣሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ለማለፍ ያህል፦ ኢናሜል የተቀባ ብረት ለኦቨን ጠንካራ ነው፤ ኢናሜሉ የተፈነከተበት ግን መተው አለበት። የአሉሚኒየም ሳህን አይሰበርም፣ ቶሎም ይሞቃል፤ ይሁን እንጂ ቲማቲም የበዛበትን ወይም ሎሚ የተጨመቀበትን ምግብ ለረጅም ጊዜ አቈይቶ ማስቀመጥ በእርሱ አይገባም። ሜላሚን ግን፣ ምንም እንኳ ሸክላ ቢመስል፣ በማንኛውም አኳኋን ወደ ኦቨን አይገባም፤ ሙቀት ሲበዛበት ፎርማልዴሃይድና ሜላሚን ወደ ምግቡ ይለቅቃልና። እጀታው ወይም የክዳኑ ጕልላት ከፕላስቲክ የሆነ ዕቃም፣ አካሉ ብረት ቢሆን እንኳ፣ የእጀታው ልክ ተጠይቆ ነው የሚገባው።

ደግሞም ብዙ ገዢና ብዙ ሻጭ የሚሳሳትበት አንድ ምልክት አለ። በሳህኑ ግርጌ የወይን ብርጭቆና ሹካ ጎን ለጎን ተሥለው ይታያሉ። ይህ ምልክት ዕቃው ከምግብ ጋር ቢነካካ የማይጐዳ መሆኑን ይናገራል እንጂ፣ ወደ ኦቨን እንደሚገባ አይናገርም። እንዲሁም ለማይክሮዌቭ የሚሆን ሁሉ ለኦቨን አይሆንም። ለኦቨን የተሠራ ዕቃ፣ ሠሪው ይህንኑ በግልጽ፣ ቢቻልም ከነዲግሪው የጻፈበት ነው።

ስለ መጠኑና ስለ ቅርጹም ነጋዴው ሊመክር ይገባዋል። ለአንድ ሰው ራት ግማሽ ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ለዕንቍላል ወይም ለጣፋጭ ደግሞ ከ150 እስከ 200 ሚሊሊትር የሚይዝ ሳህን ይበቃል። ጥልቀቱ ከስፋቱ ይበልጥ ይታሰብበት፤ ምክንያቱም የምግቡ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር፣ ሙቀቱ ወደ መካከሉ የሚደርስበት ጊዜ በእጥፍ ብቻ ሳይሆን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሰፋና ዝቅ ያለው ሳህን ኤሌክትሪክም ጊዜም ይቈጥባል። ከንፈሩ ወይም ጆሮው በጨርቅ ለመያዝ የሚመች፣ ግርጌው የተስተካከለ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደር ቢሆን ለጠባብ ማድቤት ይበጃል። ገዢዋ ሳህኖቹን ከመግዛቷ በፊት የኦቨኗን ትሪ ስፋት ለክታ ብትመጣ ደግሞ፣ ስድስት ገዝታ አራቱ ብቻ የሚገቡላት አትሆንም፤ በየሳህኑ መካከልም ሙቀት የሚዘዋወርበት የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ሊቀር ይገባል።

አጠቃቀሙም ከዕቃው ጋር ሊነገር የሚገባው ነው። የብርጭቆ ሳህን ምድጃው አስቀድሞ ከሞቀ በኋላ ይገባል፤ ምድጃው ገና በመሞቅ ላይ ሳለ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በፍም መልክ እየጋለ አንዱን ወገን ብቻ ይመታዋልና። ልባጥ የሌለው ሸክላ ግን በተቃራኒው በቀዝቃዛ ምድጃ ገብቶ አብሮ ቀስ ብሎ ቢሞቅ ይሻለዋል። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ደንብ የለም፤ ዕቃውን ያላወቀ ሻጭ በቅን ልብ እንኳ ቢመክር ሊያሳስት ይችላል።

ስለ መብራት መጥፋትም አንድ ነገር ሳይነገር ሊቀር አይገባም፤ ይህ በሌላ አገር መግለጫ ላይ የማይገኝ የእኛ ጉዳይ ነውና። ምግብ በኦቨን ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ በሩ ተዘግቶ እስከ ቈየ ድረስ ሳህኑ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ አይጐዳም። አደጋው የሚመጣው፣ «ምግቡ ሳይበስል አይቅር» ተብሎ የብርጭቆ ሳህኑ ከኦቨን ወጥቶ ከሰል ላይ ወይም ቡታጋዝ ላይ ሲጣድ ነው። ለኦቨን የተሠራ ብርጭቆ የምድጃውን የዙሪያ ሙቀት እንጂ ከግርጌው የሚነድ ነበልባል አይችልም። ይህን አንዲት መስመር በአማርኛ ጽፎ ከሳህኑ ጋር የሚሰጥ ነጋዴ፣ ምናልባት የአንድ ልጅ ዓይን ያድን ይሆናል።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ አንድ ነው፦ የመጋገሪያ ሳህን ከነዕውቀቱ ሊሸጥ ይገባል። ይህም በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት፣ ወይም በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከጐደለው፣ ጕድለት እንዳለበት ይቈጥረዋል። አንዲት ገዢ «ለኦቨን ነው የምፈልገው» ብላ፣ ሻጩም «ይሆናል» ብሎ ከሸጠላት፣ ኦቨኑ የውሉ ክፍል ሆነ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813ም፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ የሱቁ ልጅ በዘፈቀደ የሚናገራት ቃል በአሠሪው ላይ ዕዳ ልታመጣ እንደምትችል የታወቀ ይሁን።

አንዳንድ ነጋዴዎች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት መልስ ይታወቃል። «ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ የተጻፈበትን ዕቃ ባስመጣ ዋጋው ይወደዳል፤ ጎረቤቴ ያልተጻፈበትን በርካሽ ሲሸጥ እኔ ቈሜ እቀራለሁ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የኑሮ ውድነት ገዢውን ወደ ርካሹ እንደሚገፋው ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ርካሹ ዕቃ ከገበያ ይጥፋ ማለት አይደለም። ርካሹ የማቅረቢያ ሳህን የማቅረቢያ ሳህን ተብሎ ይሸጥ ማለት ነው። ለሰላጣና ለፍራፍሬ የሚሆነው በዚያው ስሙ ቢሸጥ ማንም አይጐዳም፤ የሚጐዳው ለኦቨን ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። እውነት መናገር ደግሞ ቀረጥ የለበትም።

ደግሞም ነገሩ በትርፍ ረገድ ቢታሰብ፣ ሳህኑ የተሰበረባት ገዢ ሁለተኛ ሳህን አትገዛም፤ ኦቨኗንም ወደ ዕቃ ማስቀመጫነት ትለውጠዋለች። መልካም ሳህን ያገኘች ገዢ ግን በመጀመሪያ ሁለት ገዝታ፣ በኋላ አራት ትጨምራለች፤ ለልጇ ሠርግ ስጦታም ስድስት ትገዛለች። በተመሳሳይ ሳህን የሚሠሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ደንበኛ ይሆናሉ። ይህን ገበያ የሚያሰፋው ርካሽነት ብቻ አይደለም፤ እምነትም ነው።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነገሮች በነጋዴዎች ዘንድ ቢታሰቡ መልካም ነው።

1ኛ/ አስመጪው ለውጭ አገር አቅራቢው ትእዛዝ ሲልክ ዋጋና ብዛት ብቻ ሳይጠይቅ፣ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል፣ የእርሳስና የካድሚየም ምርመራ ውጤቱም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከቻይናም ይምጣ፣ ከቱርክም ይምጣ፣ ከአውሮፓ፣ መልካም ሠሪ ይህን ወረቀት ለመስጠት አይቸገርም፤ የሚቸገረውን ደግሞ ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል።

2ኛ/ ጅምላ ሻጩ ያንኑ ወረቀት ለቸርቻሪው ያስተላልፍ፤ መግለጫው በካርቶኑ ላይ ቀርቶ ዕቃው ብቻ ወደ መደርደሪያ አይውጣ።

3ኛ/ ቸርቻሪው የኦቨኑን ሳህን ከገበታው ሳህን ለይቶ ያስቀምጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት መደርደሪያና ሁለት የተጻፈ ካርቶን ነው።

4ኛ/ ከእያንዳንዱ የኦቨን ሳህን ጋር በአማርኛና እንደየአካባቢው በሌላው ቋንቋ የተጻፈ አጭር ወረቀት ይሰጥ፤ በእርሱም ላይ የሚችለው ዲግሪ፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ወደ ጋለ ምድጃ እንዳይገባ፣ ከምድጃ ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ ወይም በእንጨት ላይ እንዲቀመጥ፣ በጋለ ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይፈስ፣ የብርጭቆ ሳህን በነበልባል ላይ እንዳይጣድ፣ የተፈነከተም እንዲጣል ይጻፍ።

5ኛ/ የሱቅ ሠራተኛው የማያውቀውን ሲጠየቅ «አጣርቼ ልንገርዎ» ማለትን ይማር። ይህ ቃል ለዛሬ አንድ ሽያጭ ሊያስቀር ይችላል፤ ለነገ ግን ደንበኛ ያስቀራል።

6ኛ/ ያገራችን ሸክላ ሠሪዎች እንዳይረሱ። ያለ ልባጥ የሚሠሩት ዕቃ እርሳስ ካለበት ልባጥ የራቀ ነው፤ ጭቃው ከአሸዋና ከመሰሉ ነገሮች ጋር ስለሚቦካ፣ በውስጡም ጥቃቅን ክፍተት ስላለ፣ ስንጥቁ ሩቅ ሳይሄድ ይቆማል፤ ስለዚህም የከሰልና የእንጨት እሳት ሲችል ኖሯል። የሚጐድለው አንድ ልክ መያዝ፣ የተስተካከለ ግርጌና ለኦቨን ትሪ የሚመጥን ቅርጽ ነው። አንድ ነጋዴ የተወሰነ ልክ ሰጥቶ፣ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ በቋሚነት ቢያዝዝ፣ በደንብ የተሟሸ አነስተኛ የሸክላ ሳህን ለከተማው ቤት ማቅረብ የማይቻልበት ምክንያት የለም። የውጭ ምንዛሪ በብዙ ልፋት በሚገኝበት አገር፣ ይህ ከቍጥር ሊገባ የሚችል ነገር ነው።

ከእነዚህ ስድስቱ ነገሮች አብዛኛዎቹ አዲስ ሕግ የሚጠብቁ፣ ወይም ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ነጋዴው ዕቃውን ገልብጦ እንዲያይ፣ የተጻፈውን እንዲያነብ፣ ያልተጻፈውን እንዲጠይቅ፣ ያወቀውንም እንዲናገር ብቻ ነው የሚፈለገው። ይህን ያደረገ ነጋዴ «እሳት ይችላል» ሲል፣ ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ማኅተም ይቈጠርለታል። ገዢዋም ሳህኑን ከምድጃ አውጥታ በልጆቿ ፊት ስታስቀምጥ የሻጩን ስም አታነሣ ይሆናል፤ ሳህን ባስፈለጋት ጊዜ ግን ወደ እርሱ ሱቅ ትመለሳለች።